የገመድ ቤት

ጥር 5

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለችኩሌ፤

ከሁሉ በፊት ልትረዳው የሚገባህ ነገር አለና ሰላምታውን ለጥቂት አቆየዋለሁ። ግቢያችን ውስጥ ወጥረኸው የሄድከው ገመድ አጥር አይደለም፤ የልብስ ማስጫም አይደለም። ገመዱ ቤቱ ራሱ ነው። የከተማው የፕላንና ግንባታ መምሪያ ለማንም ሰው ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት፣ የሚሠራው ቤት ቁመቱም ስፋቱም በቋሚና በገመድ ተወጥሮ አንድ ወር እንዲታይ ያዛል። በዚያ ወር ጎረቤት ሁሉ ከየመስኮቱና ከየደጃፉ ሆኖ ያየዋል። የተስማማ ይፈርማል፤ ያልተስማማ ተቃውሞውን ይጽፋል። ስለዚህ «ያ ገመድ እስካሁን አልወረደም ወይ?» ላልከኝ መልሴ፣ አልወረደም፤ ወሩ እስኪሞላም አይወርድም ነው። ይህ ሁሉ መምሪያው በሰጠህ ወረቀት ላይ ተጽፏል። አንተ ግን ቋሚዎቹን በተከልክ ማግሥት ወረቀቱን እኔ ጠረጴዛ ላይ ጥለህ ወደ ድልድይ ሥራህ በረርክ።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስህ። እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ይከራከረኛል። እዚያ ስልክ አለመሥራቱን እንደ ክፉ ነገር አልቆጥረውም። በስልክ «እሺ እታለም» ብለህ ትዘጋና የፈለግከውን ታደርጋለህ። ወረቀት ግን አይዘጋም። የድልድዩ ሥራ ሾፌርም ደብዳቤያችንን ይዞ ሰኞ ከዚህ ሲሄድ፣ ሐሙስ ከእናንተ ሲመለስ አደራውን አጉድሎ አያውቅም።

ማን ፈረመ ብለሃል። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ፈርማለች። ከመፈረሟ በፊት እጄን ይዛ ወደ ቤቷ አስገባችኝና ስፌት መኪናዋ ፊት፣ ራሷ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። «እስኪ ቀና በይ፤ ምን ይታይሻል?» አለችኝ። ገመድህ መስኮቷን አቋርጦ ይታያል። ከገመዱ በላይ፣ ከመስኮቱ አናት በታች፣ አንድ ጋት የምታህል ሰማይ ቀርታለች። «ይህችው ትበቃኛለች» አለች። «ክር የማየው በሷ ነው። ወንድምሽ ሰው ነው፤ ሌላ ቢሆን ሰማዩን እንደ ጣቃ ጠቅልሎት ይሄድ ነበር።»

በወዲያኛው በኩል ያለው መካኒክ ግን አልፈረመም። ጋራዡ በር ላይ ቆሞ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ቲቸር፣ ይሄ ቤት ነው ወይስ አንቴና?» አለኝ። ደግሞም ገመድህ ያዘነበለ ነው፤ በሰፊዋ በኩል ዝቅ፣ በጋራዡ በኩል ከፍ ይላል። የሰፈሩ ሰው «ቤቱ ሳይሠራ ሰከረ» እያለ ይስቃል። እኔን ያሳሰበኝ ሳቁ አይደለም፤ ጣሪያው እንደዚያ ካዘነበለ የክረምቱ ውሃ በሰፊዋ ግድግዳ ላይ ሊወርድ ነው። ፕላኑ እንደዚያ ነው እንዴ?

በመጨረሻም፣ ባለፈው ደብዳቤህ ላይ ፊደሎችህ ተልቀዋል፤ ከመስመርም ወጥተዋል። ዕድሜዋን ደብተር ስታርም የኖረች ሰው ይህን አይታ እንዳላየች አታልፍም። ምን ሆነህ ነው?

ገመዱ ላይ ያሰርካቸው ቀይ ጨርቆች ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይማታሉ። ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው በሩን የሚያንኳኳ እየመሰለኝ እነሣለሁ።

እህትህ

ጥር 7

ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ እንደ ብረት ነኝ። ብረትም ይዝጋል ካልሽኝ ክርክር አልገጥምሽም።

ስለ ዝንባሌው አታስቢ፤ ጣሪያው ነው። ፕላኑን የሠራው ልጅ በአንድ ወገን የሚያዘነብል ጣሪያ ነው ያወጣልኝ፤ አሸንዳም አለው። ውሃው ማንም ላይ አይወርድም። ሰካራም ያሉት ቤት ሲቆም ደግሞ ተከራይ ሆነው ይመጣሉ፤ ያኔ እኔ እስቃለሁ።

ስለ ፊደሌ ደግሞ፣ እዚህ ጠረጴዛ የለም፤ የምጽፈው ጉልበቴ ላይ ነው። የኔም ጉልበት እንዳንቺው መከራከር ጀምሯል። በቃ፣ ይኸው ነው። አንቺ እኮ የለቅሶ መርዶ ብታነቢም መጀመሪያ ሥርዓተ ነጥቡን ነው የምታዪው።

መካኒኩን ለምኚልኝ። «ያቺን ስትነሣ ልቧ የሚጠፋ መኪናህን ስንት ጊዜ ገፍተንልሃል» በይው። ካልሆነም እዚያው ጋራዡ በር ላይ ወንበርሽን ዘርግተሽ ተቀመጪ፤ አንቺን ለአንድ ቀን ችሎ የማይፈርም ሰው አልተፈጠረም።

እቸኩላለሁ እታለም። ወሩ እንዳለቀ ፈቃዱን፣ ፈቃዱ እንደወጣ መሠረቱን ማየት አለብኝ። እዚህ ይህን ዓመት ላልጨርስ እችላለሁ። ለምን አትበይኝ። ያባታችን ቤት ከፈረሰ ወዲህ በሰርቪስ ክፍል ታጥፈሽ መኖርሽ ይበቃል። ምድር ቤቱ ያንቺ ነው፤ አንድም ደረጃ የለውም። ላይኞቹን ሁለት ፎቆች እናከራያለን፤ በዚያ እንኖራለን። ከዚያ ቤት ሌላ የምመለስበት ነገር የለኝም፤ ይህን አትርሺ።

ሾፌሩ አንዳች ነገር ቢነግርሽ ደግሞ አትስሚው። መኪናው ፍሬን አለው፤ አፉ ግን የለውም።

ወንድምሽ

ጥር 12

ለችኩሌ፤

ሾፌሩ ምንም አልነገረኝም። አንተ ከጻፍክልኝ በኋላ ግን ጠየቅኩት። ወደ ጎማው ጎንበስ አለና ደህናውን ጎማ ይመታ ጀመር። ይህንን ለጊዜው ወደ ጎን ላድርገውና ዋናውን ልንገርህ። እስከ መጨረሻው ሳትቆጣ አንብበው።

የውሃው ነገር አላስተኛ ስላለኝ ማክሰኞ ወደ መምሪያው ሄድኩ። ወንበሮቹ በባለጉዳይ ተሞልተው ነበር፤ ግማሹ የተጠቀለለ ፕላን እንደ ሕፃን አቅፏል። መሐል ላይ ከተማይቱ በእንጨትና በካርቶን ተሠርታ፣ መስታወት ተደፍቶባት ተቀምጣለች። ሰው ሁሉ ቤቱን ለማግኘት መስታወቱ ላይ አፍንጫውን ይደፋል። እኔም ደፍቼ ግቢያችንን አገኘሁት፤ አንድ የክብሪት ራስ አይሞላም።

የኛን ሰፈር የያዘችው የፕላን ባለሙያ ጫማዋ ጭቃ የነካው ወጣት ናት። «እኔ ቢሮ የምገባው ጫማዬን ለማሳረፍ ነው፣ እትዬ» አለችኝ። ውሃው ወዴት እንደሚፈስ ስጠይቃት ፕላንህን አውጥታ ዘረጋችልኝ። ቁጥሮቹ እንደ ምስጥ ያነሱ ስለሆኑ መነጽሬን አድርጌ ወረቀቱን ወደ ዓይኔ ማስጠጋት ነበረብኝ። በፕላኑ መሠረት ከፍ የሚለው የሰፊዋ በኩል ነው፤ ዘጠኝ ሜትር። ዝቅ የሚለው የጋራዡ በኩል ነው፤ ስምንት። ውሃው ወደ ራሳችን ግቢ ይወርዳል። ገመዱ ግን የተገላቢጦሽ ነው የሚያሳየው።

ለባለሙያዋ ምንም አልተናገርኩም። ቤት ስመለስ አንድ ሜትር እንጨት አቁሜ ጥላውን ለካሁ፤ በዚያው ሰዓት የቋሚውንም ጥላ መንገዱ ላይ ለካሁ። አራተኛ ክፍል ያስተማርኩህ ነው። የሰፊዋ በኩል ያሉት ቋሚዎች ሰባት ሜትር ናቸው። ሁለት ሜትር ይጎድላቸዋል። ያቺ አንድ ጋት ሰማይ ያለችው በዚያ በጎደለው ውስጥ ነው። ዘጠኝ ቢሆኑ ኖሮ ሰፊዋ ከወንበሯ የምታየው ግድግዳ ብቻ ነበር፤ የፈረመችውም ለሌለ ሰማይ ነው ማለት ነው።

ደንቡን ጠይቄ ተረድቻለሁ። ባለሙያዋ በወሩ መጨረሻ ሳምንት ወደ እያንዳንዱ ጎረቤት ገብታ በየወንበራቸው ትቀመጣለች። «ሰውየው ከሚቀመጥበት ሆኜ ካላየሁ አላየሁም» ትላለች። ቋሚውን በመሣሪያ የምትለካው ግን የሚጠራጠር ሰው ካመለከተ ብቻ ነው። ባለቤቱ ራሱ ቀድሞ ተሳስቻለሁ ካለ ቋሚው ይስተካከላል፤ ወሩ እንደገና ይቆጠራል፤ ሌላ ጣጣ የለውም። ሌላ ሰው አመልክቶ ከተገኘ ግን ማመልከቻው ይዘጋል፤ መቼ እንደሚከፈትም እንጃ።

እንግዲህ የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ታውቅ ነበር ወይ?

እህትህ

ጥር 14

እታለም፤

አዎ። አውቄ ነው።

ዘጠኝ ብተክል አትፈርምም ነበር። ሰባት ተከልኩ፤ ፈረመች። ካልተጠየቀ አይለካም ብለሽኛል፤ እንግዲያው አትጠይቂ። ወሩ ሲያልቅ ገመዱ ይወርዳል፤ ቤቱ ይቆማል። ሰማይ ደግሞ የማንም ርስት አይደለም። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ሞኙ እኔ ብቻ ልሁን?

አስተማሪነትሽን ለተማሪ አድርጊው። ለኔ እህት ሁኚልኝ።

ይህን አንብበሽ ቅደጂው።

ወንድምሽ

ጥር 19

ለወንድሜ፤

አልቀደድኩትም። ይቅርታ አድርግልኝ፤ የተጻፈ ነገር መቅደድ አልለመደብኝም።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ቀን ምግብ አልበላሁም። በማግሥቱ ልብሴን ለብሼ፣ ቦርሳዬን ይዤ፣ ወደ መምሪያው ልሄድ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ደረስኩ። አውቶቡሱ መጣ፤ በሩን ከፈተ። ረዳቱ «እማማ፣ ይገባሉ ወይስ በሩን ነው የሚያደንቁት?» አለኝ። አልገባሁም። ተመልሼ ቤት ስደርስ ልብስ ሰፊዋ ደጄ ላይ ቆማ አገኘኋት። የተጣጠፈ ጨርቅ ታቅፋለች። ለአዲሱ ቤት ምድር ክፍል፣ ለኔ መስኮት፣ መጋረጃ ሰፍታልኝ ነው። «መስኮትሽ ወደኔ ነው አይደል? መስኮቱን ስትከፍቺ አምሮብሽ ልይሽ ብዬ ነው» አለችኝ። አመስግኜ ተቀበልኳት።  መጋረጃው አልጋዬ ላይ ተቀምጧል፤ እኔ ወንበር ላይ።

ሁለት ቀን ሙሉ እንዲህ ስዋትት ከረምኩ። አንዱን ጥጥ ስፈትል አንዱ ይበጠሳል። ባመለክት አንተን ከነተስፋህ ገደል መክተቴ ነው። ዝም ብል ያቺን ሴት በየቀኑ መጋረጃዋን ገልጬ እያየኋት ልኖር ነው። ገመዱ ደግሞ ይማታል። ነፋስ ባይኖርም የሚማታ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ዕለት እግሬ ወደ መካኒኩ ወሰደኝ። እንደ ልማዱ ነዘነዘኝ፦ «ቲቸር፣ በኔ በኩል ያለው ገመድ እኮ የቤት ቁመት አይደለም። ፀሐይ ጋራዤ ውስጥ የምትገባው በልዩ ግብዣ ሊሆን ነው!» እኔም ዝም ላሰኘው ብዬ በሱ ግቢ ውስጥ የወደቀውን ጥላ ለካሁ።

ስምንት መሆን የነበረባቸው ቋሚዎች ዘጠኝ ሜትር ናቸው።

ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። በሰፊዋ በኩል ማሳጠርህ የሚያጭበረብር ሰው ሥራ ነው እንበል። በመካኒኩ በኩል ማስረዘምህስ? ያ ሰው ፊርማውን የከለከለህ ቤትህ ሊኖረው በማይችል ቁመት ምክንያት ነው። ሌባ የሰው ኪስ ይገባል እንጂ የራሱን ኪስ አይቀድም። ሊያታልል የተነሣ ሰው በአንድ በኩል ጎረቤቱን አታሎ በሌላ በኩል ራሱን አይጎዳም። ዘጠኙን ሰባት፣ ስምንቱን ዘጠኝ አድርገህ አነበብክ እንጂ አላታለልክም። የምስጥ ያህል ያነሱ ቁጥሮች ናቸው ብዬህ ነበር።

ስለዚህ ባለፈው የላክልኝ ደብዳቤ ውሸት ነው። ይህን የምጽፈው ደስ ብሎኝም ፈርቼም ነው። አጭበርባሪ አለመሆንህ ደስ አሰኘኝ። ግን አንድ ሰው የሠራውን ጥፋት ሲክድ አይቻለሁ፤ ያልሠራውን ጥፋት የኔ ነው ብሎ ሲሟገት ያየሁት አንተን ነው። ከዚያ ጥፋት የሚብስ ምን ብትደብቅ ነው?

ሾፌሩን ዛሬ መኪናው በር ላይ ቆሜ «አልወርድም» አልኩት። «መምህርት፣ እባክዎ፣ ከሱ ጋር አያጣሉኝ» አለኝ። «የት ነው አሁን የሚሠራው?» አልኩት። «ዕቃ ግምጃ ቤት» አለኝ። ሌላ አልጨመረም፤ እኔም አላስጨመርኩትም።

አንተ በያጅ ነህ፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ምን ትሠራለህ? ዓይንህ ምን ሆኗል?

እህትህ

ጥር 21

እታለም፤

ከየትኛው ልጀምር። ሳልዋሽ መጻፍ ለምዶብኝ የማያውቅ ይመስል እጄ እምቢ አለኝ።

ዓይኔ ነው። ባለፈው ክረምት ጀመረው። መጀመሪያ መሐሉ ላይ ጭጋግ ነገር ሆነ፤ የብየዳው ብርሃን ነው፣ ያልፋል አልኩ። አላለፈም። ጥግ ጥጉን አያለሁ፤ ሰው ሲመጣ አያለሁ፤ ድልድዩን አያለሁ። ፊት ለፊት የያዝኩትን ግን አላየውም። የማነበው ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጌ፣ እንደ ዶሮ አንገቴን አጣምሜ ነው። ያንቺን ደብዳቤ የማነበው እንደዚያ ነው። ስለዚህ እባክሽ አታብዢው፤ አንገቴን አመመኝ።

ፈረቃ አለቃው አንድ ቀን የበየድኩትን አየና ምንም ሳይናገር ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወረኝ። ደግ ሰው ነው። ግን ቡሎን እየቆጠርኩ እስከ መቼ?

ቋሚዎቹን ስሠራ ፕላኑን ለሌላ ሰው አንብብልኝ ማለት አቃተኝ። ከጎኔ የነበሩት የሰፈር ልጆች ሁሉ «ጋሼ በያጁ» እያሉ ያዩኛል። ገምቼ አነበብኩት። ብረቱን የቆረጥኩትም ሜትሩ ላይ ያለችውን ጭረት በጥፍሬ እየዳሰስኩ ነው። ዘጠኝ የመሰለኝን ዘጠኝ፣ ሰባት የመሰለኝን ሰባት አደረግኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንቺ እስክትጽፊልኝ ድረስ ልክ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ደብዳቤሽን ሳነብ ነው ላብ ያጠመቀኝ።

ለምን ዋሸሁሽ? አጭበርባሪ በያጅ ሥራ ያገኛል፤ እንዲያውም ብዙ ያገኛል። የማያይ በያጅ ግን ማን ይቀጥራል? እና ደግሞ አንቺ «ወንድሜ አጭበረበረ» ብለሽ ብትቆጪ ንዴትሽ ያልፋል ብዬ አሰብኩ። «ወንድሜ ታወረ» ብለሽ ከጀመርሽ ግን አታቆሚም፤ አውቅሻለሁ።

አሁን ያልሽውን አድርጊ። እኔ ተሳስቼ ነው ብዬ ከዚህ በታች ፈርሜልሻለሁ፤ ለመምሪያው ስጪው። ስለ ዓይኔ ግን ለማንም አትንገሪ። ቋሚው ሲስተካከል ሰፊዋ ትቃወማለች፤ አውቃለሁ። እውነቷን ነው። ያኔ ቤቱም ይቀራል። የት እንደምገባ ካሁኑ ማሰብ ጀምሬአለሁ፤ ያንቺ ሰርቪስ ክፍል ለሁለት አይበቃም።

እኔ ችኩሌ፣ የግንባታ ፈቃዱ አመልካች፣ የተከልኳቸው ቋሚዎች ቁመት የተሳሳተው በኔ ስህተት ስለሆነ እንዲስተካከልልኝ እጠይቃለሁ።

(ችኩሌ የሚለውን ሰርዢውና ትክክለኛ ስሜን ጻፊበት። እጄ ሳላስበው ሄደ።)

ወንድምሽ

የካቲት 2

ለምወድህ ወንድሜ፤

ባለፈው ሰኞ ሾፌሩን ባዶ እጁን በመላኬ ይቅር በለኝ። የምነግርህ ነገር በግማሽ ላይ ስለነበረ ነው፤ ግማሽ ዜና ደግሞ ከክፉ ዜና ይከፋል። አንገትህን እንዳያምህ ፊደሎቼን አተልቄአቸዋለሁ። ወረቀቱ የበዛው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ወሬ አልጨመርኩም።

ከማመልከቻህ ላይ «ችኩሌ» የሚለውን ልሰርዝ ስል አንጀቴ አልቻለም፤ በመጨረሻ በአዲስ ወረቀት ገለበጥኩትና ፊርማህ ያለበትን ቁራጭ አያይዤ አርብ ጠዋት ለመምሪያው ሰጠሁ። ለባለሙያዋ «ቁጥር ተሳስቶ አንብቦ ነው» አልኳት። ውሸት አይደለም። እሷም ምክንያቱን ሳትጠይቅ ማህተም መታችበትና «ባለቤቱ ራሱ ካለ ቀላል ነው። ገመድ ማስተካከል ግድግዳ ከማፍረስ ይሻላል» አለች።

ቋሚዎቹን ማን እንዳስተካከላቸው ገምት። መካኒኩ ነው። በሱ በኩል አንድ ሜትር እንደሚቀነስ ስነግረው «ይሄን ከመጀመሪያው አትነግሪኝም ነበር ቲቸር!» ብሎ ራሱ ብየዳ አውጥቶ ቆርጦ፣ በሰፊዋ በኩል ቀጥሎ አቆመልህ። ዕለቱኑ ፈረመ። ብየዳህን እየዳበሰ ምን እንዳለ ታውቃለህ? «አሠራሩ የእጅ ነው፤ ዓይን የነካው አይመስልም፤ እንዴት ያለ ባለሙያ ነው!» ሊያወድስህ ነው ያለው። እኔ ዘወር አልኩ።

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር፤ ወዲያው ባለሙያዋ መጣች። መሣሪያዋን አቁማ ለካች፤ ልክ ሆነ። ከዚያ ባለሙያዋና እኔ ከሰፊዋ ጋር ወደ ቤቷ ገባን። ለሰፊዋ ምንም አልነገርኳትም ነበር፤ ራሷ ትየው ብዬ ነው። ሰፊዋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ቀና አለች። ገመዱ ከመስኮቷ አናት በላይ አልፏል፤ አንድም ጋት ሰማይ የለም።  እግሯ መርገጫው ላይ ነበር፤ ጨርቅ የሌለበት መኪና ትንሽ ረገጠችና አቆመች።

ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ለምን አሳየሽኝ?» አለችኝ። «ፈርሜልሽ ነበር እኮ። ሳላውቅ ብኖር ምን ነበረበት?»

«መጋረጃሽን መስቀል አቃተኝ» አልኳት።

«ወንድምሽ ነው ያሳጠረው?»

«ተሳስቶ ነው።»

«ዓይኑ ነው አይደል?» አለችኝ።

ቃልህን ጠብቄአለሁ፤ አልነገርኳትም።  እሷ ግን ቀጠለች። ቋሚ የተከልክ ዕለት ውሃ ይዛልህ ወጥታ ነበር አለችኝ። እጅህ ብርጭቆውን አልፎ አየር ጨበጠ። «ብርጭቆውን ራሴ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት» አለች። «ሳቀና ውሃ ጠጣ። ወንድ ልጅ ነው፣ አይቼብሃለሁ አይባልም ብዬ ዝም አልኩ። እኔ እኮ የምኖረው በዓይኔ ነው፤ የዓይን ነገር ማንም አያስተምረኝም። ዝም ብዬ የፈረምኩለትም ግማሹ ለዚያ ነው።»

ይኸውልህ፤ አንተ ከኔ የደበቅከውን፣ ከማዶ ያለችው ሴት ከመጀመሪያው ቀን ታውቀው ነበር።

አሁን የመጣሁበት ቁም ነገር ይህ ነው። ባለሙያዋ እስከዚያ ድረስ ታዳምጥ ነበር። «ወንበሩን ልዋስ» አለች፤ ተቀመጠች፤ ቀና ብላ በጣቷ አየሩ ላይ አንድ ነገር ሠራች። ከዚያ ወጥታ መካኒኩንና የሰፈር ልጆቹን ጠራች። የላይኛው ፎቅ በሰፊዋ በኩል አራት ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ቢል ምን እንደሚሆን በገመድ አሳየችን። የታችኛው ፎቅ ጠርዝ ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ የላይኛው ከኋላ ይቆማል። ሰፊዋ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ቀና አለች። «እቺውና!» አለች። ያቺው አንድ ጋት ተመልሳ መጣች።

የምትከፍለውን አልደብቅህም፤ ከምታከራያቸው ክፍሎች ሁለቱ ይቀራሉ። በምትካቸው ጣሪያ የሌለው ሰገነት ታገኛለህ። ፕላኑ እንደገና ይሠራል፤ ወሩም እንደ አዲስ ይጀምራል። ችኮላህ አይወደውም። ነገር ግን ሰፊዋ እንደዚያ ከሆነ ዛሬውኑ እፈርማለሁ ብላለች። «ሰማዬን ይተውልኝ እንጂ ፊርማዬ ያው ነው» ነው ያለችው። ባለሙያዋም መምሪያው ይህን ለመሰለ ነገር በር እንደማይዘጋ ነግራኛለች። የሚጎድለው የባለቤቱ ቃል ብቻ ነው። ያንን ደግሞ እኔ በአንተ ፈንታ አልሰጥም። ቤቱ ያንተ ነው፤ ክፍሎቹም ያንተ ናቸው፤ የምታጣውን የምታውቀው አንተ ነህ።

አንድ የዓይን ሐኪም ስምህን ሳልጠራ ጠይቄአለሁ። ያለፈው ይመለሳል አላለም፤ ቢዘገይ ግን ይብሳል ብሏል። ክፍሌ ለሁለት አይበቃም ያልከው ትክክል ነው፤ ስለዚህ የመጻሕፍቱን መደርደሪያ ወደ ደጅ አወጣሁት። አሁን ይበቃል። አልጋህ መስኮቱ አጠገብ ነው። መጋረጃውን ለጊዜው እዚያ ሰቅዬዋለሁ።

ገመዱ እንደ ባለሙያዋ አኳኋን ተወጥሮ አንተን ይጠብቃል፤ ቃልህ እስኪመጣ ማንም አይነካውም። ዛሬም ይማታል። ሁልጊዜ ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ በር የሚያንኳኳ አይመስለኝም ማለት ግን አልችልም።

ስለዚህ ተስማምቻለሁ ወይም አልተስማማሁም ብለህ ጻፍልኝ። ፊደሎችህ የፈለጉትን ያህል ይተልቁ፤ ከመስመርም ይውጡ፤ አላርማቸውም። በአንድ ገጽ ላይ አንድ ቃል ብቻ ቢያርፍ ያችኑ አነባለሁ። ሾፌሩ ነገ ይመጣልሃል፤ ሐሙስ ይመለሳል። ባዶ እጁን እንዳትልከው፤ የሚሻለውስ ራስህ አጠገቡ ተቀምጠህ ብትመጣ ነው።

እህትህ